ከብረት ቀለበት እስከ ትራንዚስተር፦ የዦሴፍ ፉሪዬ ሕይወትና የሙቀት ጥናቱ

ከፍተኛ ኃይል የሚሸከም ትራንዚስተር ክንፍ ባለው የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ላይ ሲታሰር ሁለት የሚጋጩ ግዴታዎች በአንድ ጠባብ ቦታ ይገናኛሉ። በትራንዚስተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በፍጥነት ወደ ማቀዝቀዣው መሻገር አለበት። ኤሌክትሪኩ ግን መሻገር የለበትም፤ በአብዛኞቹ ትራንዚስተሮች የጀርባው ብረት ከኮሌክተሩ ወይም ከድሬኑ ጋር የተያያዘ ነውና። ስለዚህ በሁለቱ ብረቶች መካከል እንደ ወረቀት የሳሳ የሚካ ቅጠል ይገባል፤ በሚካው ግራና ቀኝም ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባል። ሙቀቱን ክፉኛ የሚያግደው አብዛኛውን ጊዜ ወፍራሙ ብረት አይደለም፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግረው ይህ ስስ ድርብርብ ነው።

ይህን ድርብርብ በቁጥር ለመመዘን ያስቻለው ሕግ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈበት ከ1947 በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ተጽፏል። ጸሐፊው በምህንድስና ክፍሎች ፉሪየር እየተባለ የሚጠራው ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ዦሴፍ ፉሪዬ ነው። ስሙ ዛሬ ይበልጥ የሚነሣው ከሳይንና ከኮሳይን ተከታታዮች ጋር ቢሆንም፣ ተከታታዮቹ የተወለዱት ከሙቀት ጥናቱ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት በሁለት ረገድ ለተመራማሪ ትምህርት አለው። አንደኛው፣ ዐቢይ ሥራው በዘመኑ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ተቃውሞ ገጥሞት ለ15 ዓመታት መጽሐፍ ሳይሆን መቆየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ጥናቱን የሠራው በተረጋጋ የምርምር ወንበር ላይ ሆኖ ሳይሆን ሙሉ የመንግሥት ሥራ ተሸክሞ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የልብስ ሰፊው ልጅ

ፉሪዬ መጋቢት 21 ቀን 1768 በፈረንሳይ ኦሴር ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቤቱም ብዙ ልጆች የሞሉበት ነበር። እናቱ የሞተችው ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ አባቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ወላጅ አልባው ልጅ በበጎ ሰዎች አማላጅነት የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ወደሚያስተምሩበት የኦሴር ንጉሣዊ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም በመጀመሪያ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ተመሰገነ፤ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ግን ልቡ ወደ ሒሳብ አዘነበለ። ሌሎቹ ሲተኙ የሻማ ቁራጭ እየለቀመ ሌሊቱን ያጠና እንደ ነበር ይነገራል። በ14 ዓመቱም የቤዙን ስድስት የሒሳብ ቅጾች አጥንቶ ጨርሶ ነበር።

የልጅነት ምኞቱ በመድፈኛ ጦር ወይም በምህንድስና ክፍል ማገልገል ነበር፤ ከመኳንንት ወገን ባለመወለዱ ግን በሩ ተዘጋበት። በቀረው መንገድ ሄዶ በ1787 በሴን ብኗ ሱር ሉዋር ገዳም ለምንኩስና መዘጋጀት ጀመረ። በገዳሙም ቢሆን ከሒሳብ አልተለየም፤ የእኩልታዎችን ሥር ስለማግኘት ይጽፍ ነበር። በ1789 አብዮቱ ሲፈነዳ የምንኩስናውን ቃል ሳይፈጽም ወጣ፤ ወደ ተማረበትም ትምህርት ቤት ተመልሶ መምህር ሆነ።

አብዮት፣ እስራትና ግብፅ

አብዮቱ በትውልድ ምክንያት የተዘጋበትን በር ከፈተለት፤ ወዲያውም በሌላ በኩል ለሞት አደጋ አጋለጠው። በ1793 የከተማው የአብዮት ኮሚቴ አባል ሆነ። በጊዜው በነበሩ አንጃዎች ጠብ ውስጥ ገብቶ በሐምሌ 1794 ታሰረ፤ የሚጠብቀውም የሞት ፍርድ ሊሆን ይችል ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ሮቤስፒየር ወድቆ ሲገደል የፖለቲካው ነፋስ ተለወጠ፤ ፉሪዬም ተፈታ።

በ1795 አዲስ በተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ በኤኮል ኖርማል፣ ተማሪ ሆኖ ፓሪስ ገባ። አስተማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስና ሞንዥ ነበሩ። ከ12 ዓመታት በኋላ ሥራውን እንዲመረምሩ የተሰየሙት ሰዎች ከእነዚህ መምህራን መካከል መሆናቸው የሕይወቱ ትልቅ ፈተና ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ማስተማር ጀመረ፤ በ1797ም የላግራንዥን የአናሊሲስና የሜካኒክስ ወንበር ተረከበ።

ይህ የተረጋጋ የምሁር ሕይወት አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልዘለቀም። በ1798 ናፖሊዮን ቦናፓርት ወደ ግብፅ ሲዘምት ብዙ ሊቃውንትን አስከትሎ ነበርና ፉሪዬም ከእነርሱ ጋር ሄደ። በካይሮ የተቋቋመው የግብፅ ኢንስቲትዩት ጸሐፊ ሆኖ የምርምርና የአስተዳደር ሥራዎችን መራ። በ1801 ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ዓላማው ወደ ማስተማሩ መግባት ነበር። ናፖሊዮን ግን በካይሮ ያየውን የአስተዳደር ችሎታ ስላልዘነጋ በ1802 መቀመጫው ግሬኖብል የሆነ የኢዜር አውራጃ አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመው። የናፖሊዮንን ፈቃድ እምቢ ማለት ቀላል አልነበረም።

አስተዳዳሪው በሙቀት ፊት

በግሬኖብል የነበረው ሥራ የስም ሹመት አልነበረም። በቡርጉዋን ያለውን ሰፊ ረግረግ ለማድረቅ የብዙ መንደሮችን ስምምነት በትዕግሥት አሰባስቦ ሥራውን ፍጻሜ አደረሰ። ከግሬኖብል ወደ ቶሪኖ የሚወስደው የተራራ መንገድ ሥራም በእርሱ አመራር ተጀመረ። በተጨማሪም የግብፅን ዘመቻ የምርምር ውጤት ለያዘው ታላቅ ኅትመት ታሪካዊውን መቅድም ጻፈ። በዚያው ከተማ ያደገው ወጣቱ ሻምፖሊዮን፣ ኋላ የግብፅን ሥዕላዊ ጽሕፈት የፈታው ሊቅ፣ ከፉሪዬ ማበረታቻ አግኝቷል።

የሙቀት ጥናቱ የተሠራው በዚህ ሁሉ መካከል፣ በአብዛኛው ከ1804 እስከ 1807 ባሉት ዓመታት ነው። ችግሩን ያነሣው እርሱ ብቻ አልነበረም። በ1804 ቢዮ በአንድ ጫፉ የሚሞቅ የብረት ዘንግ ላይ ሙቀት እንዴት እንደሚሠራጭ ጽፎ ነበር፤ ሆኖም በዘንጉ ውስጥ የሚያልፈውንና ከዘንጉ ገጽ ወደ አየር የሚወጣውን ሙቀት አጥርቶ የሚለይ እኩልታ አላቆመም። ፉሪዬ የመጀመሪያ ሙከራውን ያደረገው ሙቀትን እርስ በርስ የሚቀባበሉ የተነጣጠሉ አካላትን በማሰብ ነበር፤ ከዚያ ወደ አንድ ወጥ አካል ተሻገረ። የሥራው ቁልፍም ሁለት የተለያዩ ጠባዮችን መለየቱ ሆነ። አንዱ ቁስ በውስጡ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታ ነው፤ ሌላው ገጹ ሙቀትን ለከባቢው የመልቀቅ ችሎታ ነው። የመጀመሪያው የቁሱ ጠባይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ገጹ የተወለወለ ወይም የጠቆረ እንደ ሆነና በዙሪያው ባለው አየር ሁኔታ ይለዋወጣል።

በውስጥ ለሚያልፈው ሙቀት ያቆመው ሕግ ቀላል ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ የሚያልፈው የሙቀት ፍሰት የሙቀቱ መጠን በርቀት ከሚቀንስበት ፍጥነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በአካሉ ውስጥ በማናቸውም ነጥብና ጊዜ የሚኖረውን ሙቀት የሚገዛውን ዲፈረንሺያል እኩልታ አወጣ። ሕጉ ሙቀት ምን እንደ ሆነ አይናገርም። በዚያ ዘመን አንዳንዶች ሙቀትን ካሎሪክ የሚባል የማይታይ ፈሳሽ ነው ይሉ ነበር፤ ሌሎች የደቃቅ አካላት እንቅስቃሴ ነው ይሉ ነበር። ፉሪዬ በክርክሩ ላይ ትምህርቱን አልመሠረተም። በመሆኑም የካሎሪክ ሐሳብ ከሳይንስ ሲወገድ የእርሱ እኩልታ ምንም ሳይነካ ቀረ።

ስሌቱን በወረቀት ብቻ አልተወውም። የብረት ቀለበት አሠርቶ በላዩ ቀዳዳዎች አስበሳ፤ በቀዳዳዎቹም ቴርሞሜትሮች አስገብቶ ሙቀቱ በቀለበቱ ዙሪያ እንዴት እንደሚከፋፈልና ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚስተካከል ለካ። በብረት ኳስም መቀዝቀዝን መረመረ። ቀለበቱ የተመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም። ጫፍ የሌለው፣ በራሱ ላይ የሚመለስ አካል በመሆኑ በላዩ ያለው ሙቀት በሳይንና በኮሳይን ተከታታይ ሲገለጽ ያለ አንዳች መጣመም ይስማማል። ልኬቱም ከስሌቱ ጋር ገጠመ።

የ15 ዓመት ክርክር

ፉሪዬ የሥራውን ድርሳን በታኅሣሥ 21 ቀን 1807 ለፓሪሱ ኢንስቲትዩት አቀረበ። መርማሪዎች ሆነው የተሰየሙት ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክሯ ነበሩ። ዋናው መሰናክል የሙቀት ሕጉ ሳይሆን መፍትሔው የተጻፈበት የሒሳብ ቋንቋ ሆነ። ፉሪዬ በነጻ የተመረጠ የሙቀት ክፍፍል፣ ስብራትና ዝላይ ያለበት እንኳ ቢሆን፣ በሳይንና በኮሳይን ድምር ሊገለጽ ይችላል ብሎ ነበር። ላግራንዥ ቀደም ሲል በንዝረት ጥናት ውስጥ ይህን መሰሉን አሳብ መርምሮ ያልተቀበለው ሰው ነበርና አልተስማማም። ቢዮም የራሱ ሥራ በሚገባ አልተጠቀሰም በሚል ቅር ተሰኝቶ ነበር። ድርሳኑ ሳይታተም ቀረ፤ በ1808 ፖዋሶን የጻፈው አጭር መግለጫ ብቻ ወጣ።

ኢንስቲትዩቱ የሙቀትን ስርጭት ለ1811 የሽልማት ውድድር ርዕስ ሲያደርግ ፉሪዬ ሥራውን አስፍቶ እንደገና ላከ፤ በ1812 መጀመሪያም ሽልማቱን አገኘ። ይሁን እንጂ የዳኞቹ ብያኔ በሁለት ወገን የተሳለ ነበር። እኩልታዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን መስክሮ ወደ እነርሱ የተደረሰበት መንገድና የተፈቱበት ዘዴ ግን ጥብቅነት ይጎድለዋል የሚል ነቀፌታ ጨመረ። ሥራው ተሸለመ፤ ሳይታተም ግን ቆየ።

ይህን ክርክር በኋለኛው ዘመን ዕውቀት ብቻ መፍረድ ለሁለቱም ወገን አይገባም። መርማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ተከታታዩ መቼና በምን ሁኔታ ወደ ተፈለገው ፈንክሽን እንደሚጠጋ ፉሪዬ በተሟላ መንገድ አላረጋገጠም። ፉሪዬ በበኩሉ የተከታታዩ ድምር ከቴርሞሜትሩ ንባብ ጋር መግጠሙን በእጁ ይዟል። አንደኛው ወገን ማረጋገጫ ጠየቀ፤ ሌላው ልኬት አቀረበ። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚለኩ ባለመሆናቸው ነገሩ ለዓመታት ሳይቋጭ ቀረ። የማረጋገጫው ጉድለት በአጥጋቢ ሁኔታ መሞላት የጀመረው በ1829 ዲሪክሌ ባወጣው ጽሑፍ ነው፤ ፉሪዬም ይህን በሕይወት ሳለ ለማየት በቃ። ያ የመጀመሪያ ድርሳን በሙሉ ይዘቱ የታተመው ግን ገና በ1972 ነው።

በሁለት መንግሥታት መካከል

በ1814 ናፖሊዮን ሲወድቅ ፉሪዬ በአስተዳዳሪነቱ ቀጠለ። በመጋቢት 1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ መንገዱን በግሬኖብል በኩል ሲያደርግ ግን አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ለንጉሡ ታማኝ መሆንን የሚጠራ አዋጅ አወጀና ናፖሊዮን ወደ ከተማይቱ ሲገባ እርሱ በሌላ በኩል ወጣ። ናፖሊዮን ቢቆጣም ወዲያው ታርቆት የሮን አውራጃ አስተዳዳሪ አደረገው፤ የመኳንንትነት ማዕረግም ሰጠው። ፉሪዬ በአዲሱ ሥልጣን ብዙ አልቆየም፤ የመቶው ቀን አገዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ተለይቶ ወደ ፓሪስ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሁለቱም ወገን የተጠረጠረ ሰው ሆነ። በችግር ላይ ሳለ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ተማሪው የነበረውና በግብፅም አብሮት የዘመተው የሴን አውራጃ አስተዳዳሪ ሻብሮል የስታቲስቲክስ ቢሮ ኃላፊነት ሰጠው። በ1816 የሳይንስ አካዳሚው አባል አድርጎ ቢመርጠውም፣ ንጉሥ ሉዊ 18ኛ የናፖሊዮን ሰው ነው በማለት ምርጫውን ሳያጸድቅ ቀረ። አካዳሚው በ1817 እንደገና ሲመርጠው ግን ጸደቀለት። በ1822 የአካዳሚው የሒሳብ ሳይንሶች ቋሚ ጸሐፊ ሆነ። በዚያው ዓመት የሙቀትን አናሊቲካዊ ትምህርት የያዘው ታላቅ መጽሐፉ ታተመ። የእኩልታ አባላት ሁሉ በመለኪያ ዓይነት መስማማት እንዳለባቸው የሚያሳየው ትንታኔ፣ ዛሬ የምህንድስና ተማሪ ሁሉ ስሌቱን የሚፈትሽበት የዳይሜንሽን ዘዴ፣ ከዚህ መጽሐፍ ሥር አለው።

በ1824 የምድርን ሙቀት በሚመለከት ባወጣው ጽሑፍ ከባቢ አየር የፀሐይን ብርሃን ከሚያሳልፈው ያነሰ ምድር የምትለቀውን ሙቀት እንደሚያሳልፍ ገለጸ፤ የአየር ንብረት ሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ጽሑፍ ይነሣሉ። በዘመኑ ሴቶች በአካዳሚው ስብሰባ እንዲገኙ በማይፈቀድበት ጊዜ ለሒሳብ ሊቋ ሶፊ ዠርሜን የመግቢያ ፈቃድ ያስገኘላትም እርሱ ነው። በ1826 ደግሞ የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ።

የስስ ነገሮች ሙከራ

ፉሪዬ በ60 ዓመቱ፣ በ1828፣ ያወጣው አንድ ጽሑፍ ከዐቢይ መጽሐፉ ያነሰ ዝና ቢኖረውም ለኤሌክትሮኒክስ ሰው ከሁሉ የቀረበ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ስስ ነገሮች ሙቀትን የማሳለፍ ችሎታቸውና ይህን ለመለካት የሠራው የንክኪ ቴርሞሜትር ነው። መሣሪያው ሜርኩሪ የተሞላ የብረት ሾጣጣ ዕቃ ሲሆን ከታች አፉ በስስ ቆዳ የተዘጋ ነው፤ በሜርኩሪው ውስጥም ቴርሞሜትር ይቆማል። ቆዳው ለስላሳ በመሆኑ ሜርኩሪው ሲጫነው ከታች ካለው ገጽ ጋር በሚገባ ይጣበቃል። ዕቃው እንዲሞቅ ይደረግና የሚመረመረው ስስ ነገር በተዘረጋበት ቀዝቃዛ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩ የሚወርድበት ፍጥነት ይታያል። በፍጥነት ከወረደ በመካከል ያለው ነገር ሙቀት ያሳልፋል፤ ከዘገየ ያግዳል።

የዚህ መሣሪያ ጥበብ በታችኛው ቆዳ ላይ ነው። ሁለት ጠንካራ ገጾች ሲነካኩ የሚገናኙት በጥቂት ጉብታዎቻቸው ብቻ ነው፤ በቀረው ስፍራ አየር ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ የሚለካው የስሱ ነገር ጠባይ ሳይሆን የንክኪው ጉድለት ይሆናል። ፉሪዬ ለስላሳ ቆዳና ፈሳሽ ብረት በመጠቀም ንክኪውን ራሱን አስተካከለ። ዛሬ በሚካው ግራና ቀኝ የሚቀባው ግሪስ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ከፉሪዬ ወደ ኦም፣ ከኦም ወደ ትራንዚስተር

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 የኤሌክትሪክን ሕጉን ሲጽፍ የፉሪዬን የሙቀት ትምህርት በአርአያነት ተከትሏል፤ የሙቀት መጠን ልዩነት በነበረበት ቦታ የኤሌክትሪክ ግፊት ልዩነትን፣ በሙቀት ፍሰት ቦታ የኤሌክትሪክ ፍሰትን አኖረ። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ዛሬ የሙቀት ሬዚስታንሶችን እንደ ተከታታይ ሬዚስተሮች ሲደምር ከኦም የተዋሰ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ብድሩ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል።

የስስ ሽፋን የሙቀት ሬዚስታንስ ውፍረቱ ለአስተላላፊነቱና ለስፋቱ ብዜት ሲካፈል ይገኛል። በጀርባው 1.5 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ትራንዚስተር ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሚካው 0.075 ሚሊሜትር ውፍረትና በሜትር በዲግሪ 0.6 ዋት አስተላላፊነት ቢኖረው፣ ሬዚስታንሱ በዋት 0.83 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በሚካው በአንድ በኩል 0.01 ሚሊሜትር የአየር ክፍተት ቢቀር ደግሞ፣ የአየር አስተላላፊነት 0.026 ብቻ ስለሆነ፣ ክፍተቱ ብቻውን 2.6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከሚካው ሰባት እጥፍ ተኩል የሚሳሳው አየር ከሚካው ሦስት እጥፍ ያህል ያግዳል ማለት ነው። ያው ክፍተት አስተላላፊነቱ 0.8 በሆነ ግሪስ ቢሞላ የሚጨምረው ከ0.1 ዲግሪ ያነሰ ነው።

ትራንዚስተሩ 20 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጥ፤ ከውስጡ እስከ ጀርባው በዋት 1.5 ዲግሪ፣ ከማቀዝቀዣው እስከ አየሩ 2 ዲግሪ ይሁን፤ የሣጥኑ ውስጥ አየርም 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። በሁለቱም በኩል ግሪስ ካለ ድምሩ 4.5 ዲግሪ በዋት ነው፤ የትራንዚስተሩ ውስጥም 130 ዲግሪ ይደርሳል። ግሪስ ከሌለና ክፍተቶቹን አየር ብቻ ከያዛቸው ድምሩ 9.5 ገደማ ይሆንና ውስጡ ወደ 229 ዲግሪ ይወጣል። ለብዙ የሲሊኮን ትራንዚስተሮች የተፈቀደው ወሰን 150 ዲግሪ ነው። በተግባር ጉብታዎቹ በየነጥቡ ስለሚነካኩ የደረቁ ንክኪ ጉዳት ከዚህ ስሌት ያነሰ ይሆናል፤ ነገሩ ያለበት አቅጣጫ ግን አይለወጥም።

ያው ሕግ በተቃራኒው ወገን ያለውን ስሕተትም ያሳያል። ግሪሱ በዝቶ 0.1 ሚሊሜትር ቢወፍር ሬዚስታንሱ ከሚካው ጋር ይስተካከላል፤ ግሪስ ከአየር የሚሻል እንጂ ከብረት የሚተካከል አይደለምና ክፍተቱን ሞልቶ መቅረት አለበት። ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ከተሰረሰረ በኋላ ጠርዙ ላይ የቀረ የብረት ስንጥር ሚካውን ወይ ይበሳዋል፣ ወይ ገጾቹን ያራርቃቸዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይላጋል። ብሎኑ ራሱ ኤሌክትሪኩን እንዳያሻግር አንገት ባለው የፕላስቲክ ሮንዴላ ውስጥ ያልፋል። በአንድ ጫፉ ብቻ የሚታሰር ትራንዚስተር ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሌላኛው ጫፉ ይነሣል፤ ሙቀቱ የሚፈልቅበት ሥፍራም ከማቀዝቀዣው ይርቃል። በዚህም ምክንያት ከላይ መሐሉን የሚጫን የሽቦ መቆንጠጫ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ከታሰረ በኋላ ኃይል ሳይሰጠው በትራንዚስተሩ ጀርባና በማቀዝቀዣው መካከል ኤሌክትሪክ አለማለፉ በሜትር ይረጋገጣል።

ከላይ ያለው ስሌት የሙቀቱ ፍሰት ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ሁኔታ ብቻ ይመለከታል። ትራንዚስተሩ ለአጭር ቅጽበት ብቻ ከፍተኛ ኃይል ሲሸከም ግን ጊዜ ራሱ ወደ ስሌቱ ይገባል፤ ሙቀቱ ሚካው ጋር ከመድረሱ በፊት ቅጽበቱ ሊያልፍ ይችላልና። ለዚህም መልሱ የሚገኘው ከዚያው ከ1807ቱ እኩልታ ነው፤ በብረቱ ቀለበት ላይ የሙቀቱ አለመመጣጠን ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚከስም የገለጸው እኩልታ የትራንዚስተርንም የቅጽበት ሙቀት ይገልጻል።

የመጨረሻ ዓመታት

ፉሪዬ ከግብፅ ከተመለሰ ወዲህ ብርድ አይስማማውም ነበር። ክፍሉን በጣም እያሞቀ፣ በላዩም ልብስ ደራርቦ ይቀመጥ እንደ ነበር የሚያውቁት ሁሉ መስክረዋል። የሙቀትን መውጣትና መግባት ለዓለም ያስረዳው ሰው የራሱን ሙቀት ለመጠበቅ እንዲህ መድከሙ ብዙ ተወርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የትንፋሽ ማጠርና የልብ ሕመም ጸናበት። በግንቦት 1830 መጀመሪያ ከደረጃ ወድቆ ሕመሙ ባሰበት፤ በዚያው ወር በ16ኛው ቀን በፓሪስ ሞተ። በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

ስሙ በኤፌል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 የፈረንሳይ ሊቃውንት ስሞች አንዱ ነው። ረግረግ ባደረቀበት፣ መንገድ ባሠራበት በግሬኖብልም አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት በስሙ ሲጠራ ኖሯል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚታወሰው በሥራው ነው። መርማሪዎቹ ማረጋገጫ የጠየቁበት ተከታታይ ዛሬ ድምፅንና ምስልን ይተነትናል፤ በብረት ቀለበትና በስስ ሽፋን ላይ የፈተነው ሕግ ደግሞ የእያንዳንዱን ትራንዚስተር ዕድሜ ይወስናል። ለ15 ዓመታት መጽሐፍ ሳይሆን የቆየው ሥራ መጨረሻ ላይ የጸናው የሕጉ ባለቤት በክርክር ስለ ረታ አይደለም። ልኬቱን ማንም ደግሞ ሊሠራውና ያንኑ ውጤት ሊያገኝ ስለሚችል ነው። ማረጋገጫው ሌሎች ሊያሟሉት የሚችሉት ሥራ ነበር፤ አሟሉትም። ልኬቱ ባይኖር ግን የሚያሟሉት ነገር ባልኖረ ነበር።